ማንም አልነካውም

ኡምኮማስ፣ ሐሙስ ጠዋት

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣቱን ለጊዜው ተይውና ታች ቤት ተኚ ብዬሽ ነበር፤ እንዳልሰማሽኝ አውቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጓሮዬን አጠጣለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈ ትርጉም እንዳትሰጪው።

ስለ እኔ የሚወራውን ሰምቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ አንዲት የማላውቃት ወጣት ሴት ጎንበስ ብላ እግሬን ነካችና «ክሩን የቆረጡት እርስዎ ነዎት አሉ፤ እጅዎ ይባረክ» አለችኝ። ትናንት ደግሞ ያንቺ መልእክት ደረሰኝ። «አንቺ ያን ክር ባትቆርጪው ኖሮ ባሕሩ የባሌን ሬሳ እንኳ አይሰጠኝም ነበር። ልጄ ቅዳሜ ከአውስትራሊያ ይገባል። እሑድ አመዱን ከእሱ ጋር ወደ ባሕር ይዘሽ የምትወጪው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም» ብለሻል።

የዓሣ ማጥመጃውን ክር የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም። የቆረጠው ዱሚሳኒ ነው። ወሬውን ያወጣው ፔሩማል ነው፤ ያወጣውም ለእኔ አዝኖ ነው። ዱሚሳኒም ሰምቶ ዝም ብሏል፤ እሱም ለእኔ አዝኖ ነው። ሁለት ደጋግ ሰዎች ተስማምተው አንድ ውሸት ሠሩልኝ፤ አገሩ ሁሉ ደግሞ አለበሰኝ። እኔ ግን ይህን ለብሼ የባልሽን አመድ አልይዝም። ስለዚህ የዚያን ቀን የሆነውን ከመጀመሪያው እጽፍልሻለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ አመዱን ለእኔ ትሰጪኝ እንደሆነ፣ ወይም ሌላ ሰው ትፈልጊ እንደሆነ ትወስኛለሽ።

ንጋት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሕሩ ዳር ነበርን። አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤትሽ ሎጋናታን፣ ፔሩማልና ዱሚሳኒ። በማዕበል ወጡ የሚሉ አሉ፤ እሱም ሐሰት ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ቀላል ነፋስ ነበር፤ ውሃውም የጠራ ነበር። ትራክተሩ የወንድሜን ጀልባ ወደ ውሃው ገፋት። የወንድሜ ጀልባ የምላት እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፈውም የእኔ ናት ማለት ስላልሆነልኝ ነው። ዱሚሳኒ መሪውን ይዞ እንደ ልማዱ ሞገድ ይቆጥር ጀመር። ትልልቆቹ ሞገዶች አልፈው ፋታ እስኪሰጡ ድረስ እንደማይነቃነቅ ታውቂያለሽ። ሎጋናታን አላስችለው አለና «ዱሚ፣ ቁጥሩ ከጠፋብህ ቲቸር እዚህ አለችልህ፤ በማስመሪያ ታስቆጥርሃለች» አለው። ዱሚሳኒ ዓይኑን ከባሕሩ ሳያነሣ «ጋሼ ሎጋ፣ ይልቅ ብረቱን ይያዙ። ጥርስዎ ከወደቀ ተመልሼ አልለቅምልዎትም» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ፋታው መጣ፤ ሞተሮቹ አገሱ፤ ሦስት ሞገድ ዘለልንና ወጣን።

ከወጣን በኋላ ፔሩማል ከቦርሳው ሙዝ ሲያወጣ ተያዘ። ዓሣ ያሸሻል እየተባለ በዓሣ ጀልባ ላይ ሙዝ! ሎጋናታን ነጥቆ ወደ ባሕር ወረወረውና «አንተ፣ ስንቅ የቋጠረችልህ ሚስትህ ናት ወይስ ጠላትህ?» አለው። ፔሩማልም «ባለፈው ጊዜ ያለ ሙዝ ወጥተው ምን ያዙ? ጉንፋን!» አለ። እንስቅ ነበር ማለቴ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ያ ቀን ከመጀመሪያው ክፉ ቀን እንዳልነበረ እንድታውቂ ብዬ ነው። አንቺ የጠቀለልሽለትን የድንች ሮቲ ቂጣ በላን። የእኔን ያለ ቃሪያ ለብቻ ጠቅልለሽ ምልክት አድርገሽበት ነበር። አመሰግንሻለሁ፤ በጊዜው ሳልልሽ ቀረሁ።

አሁን ስለ ሕጉ ልንገርሽ። አንቺ ዓሣ ማጥመድ የወንዶች ሞኝነት ነው ስለምትዪ ሕጋችንን ከጉዳይ ጽፈሽው አታውቂም። ዓሣው መንጠቆውን ከዋጠ በኋላ ዘንጉንም፣ ክሩንም፣ መጠቅለያውንም ከያዘው ሰው በቀር ማንም መንካት የለበትም። የሌላ ሰው እጅ ከነካው ዓሣው አይመዘንም፣ የአጥማጁም ስም በክብር ሰሌዳው ላይ አይጻፍም። ይህ የዓለም ሕግ ነው፤ በዓሣ አጥማጆች ክበብ ሁሉ አለ። በእኛ ክበብ ግን አንድ መስመር ተጨምሮበታል። የአጥማጁን ሰውነትም መንካት ክልክል ነው። ትከሻውን እንኳ፣ እጅጌውን እንኳ። ያን መስመር የጨመርኩት እኔ ነኝ።

የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበርኩ። የነጮቹ ክበብ የእኛን የሕንዶቹን ወገን በበሩ አያሳልፍም ነበር፤ ወንድሜና ጓደኞቹ የራሳቸውን ክበብ አቋቋሙና ደንቡን እኔ እንድጽፈው ሰጡኝ። ያን ዓመት ትልቅ ዓሣ ይዘን ክብደቱን ብንልክላቸው «እናንተ ዘንድ ስንት እጅ እንደነካው ማን ያውቃል?» የሚል መልስ ላኩልን። እኔ ያን ወረቀት አንብቤ ቁጭ ብዬ ያን መስመር ጻፍኩ። ከእነሱ ሕግ የጠበቀ ሕግ ይኑረን፤ ማንም አፉን አይክፈትብን አልኩ። ወንድሜ አንብቦ «ሰውየው ቢወድቅስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እንዳይወድቅ ይጠንቀቃ» አልኩት። በመልሴ ኮርቼ ነበር።

ዘመኑ ተለወጠ፤ በሩም ተከፈተ፤ እነዚያ ሰዎች ሞቱ። መስመሩን ግን ማንም አላነሣውም። እኔም አላነሣሁትም።

ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ባለቤትሽ ስለያዘው ባለ ሸራ ክንፍ ዓሣ ታስታውሻለሽ። የአገሩን ክብረ ወሰን በሁለት ኪሎ የሚበልጥ ዓሣ ነበር። ዓሣው ወደ ጀልባው ሲቃረብ ሎጋናታን ተንገዳገደና ወንድሜ ክርኑን ደገፈው። የዓይን እርግብግቢት ታህል ጊዜ። ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሚዛኑ ዘንድ ስንደርስ አይመዘንም አልኩ። ወንድሜ ተቆጣኝ፤ ሰዉ አጉረመረመብኝ። ሎጋናታን ግን «ቲቸር ካየች፣ አየች ነው» አለና ዓሣውን ለሠራተኞቹ ከፋፍሎ ሰጠ። ያን ጊዜ ሦስት ሌሊት እንዳልተኛ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ለነቀፋ እንዳልነገርሽኝ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ዓሣ ወደ ሚዛኑ አምጥቶ አያውቅም። እየያዘ ይለቃቸው ነበር። እኔም ሲለቃቸው አይ ነበር።

እንግዲህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ማርሊን የምንለው ግዙፍ ዓሣ መንጠቆውን ዋጠ። ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ አፍንጫው እንደ ጦር የሾለ። ከውሃው ሙሉ በሙሉ ዘሎ ወጣ፤ አራታችንም አየነው። እንዲህ ያለ ዓሣ በእኛ ዳርቻ በዐሥር ዓመት አንዴ ነው። ሎጋናታን ቀበቶውን አሰረ፣ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውንም ማሰሪያ በትከሻው አጠለቀ። ሁሉን በራሱ እጅ ነው። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝና «ቲቸር፣ ይሄኛውን አስመዝነዋለሁ» አለ።

ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የሰማሁት ነው። ልቤ ምን እንደሆነ ልጽፍልሽ አልችልም።

አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለው። ላቡ ይወርድ ነበር፤ ትልቅ ዓሣ የያዘ ሰው ሁሉ ላቡ ይወርዳል። ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ ፀሐይ ነው አልን። «ግራ እጄ ደነዘዘ» አለ፤ የማን እጅ አይደነዝዝም? ፔሩማል «እጅዎ ከደነዘዘ በጥርስዎ ይያዙት፤ ዱሚ አይለቅምልዎትም እንጂ እስካሁን አልወደቀም» ብሎ ቀለደበት። ሎጋናታን ሳቀ። ሳቁ ግን አጭር ነበር፤ እኔ የሰባ ዓመት ሳቁን ስለማውቅ አጭር እንደነበር አስተውያለሁ። አስተውዬ ዝም አልኩ።

አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ጉልበቱ ከዳው። ፔሩማል «ጋሼ ሎጋ ደኅና አይደሉም፤ ልደግፋቸው» ብሎ እጁን ወደ ትከሻው ዘረጋ። እኔ «አትንካው!» አልኩ።

እህቴ፣ ያን ድምፅ ታውቂዋለሽ። አርባ ተማሪ ጸጥ የሚያደርግ ድምፅ ነው። ፔሩማል አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የልጅ ልጅ አለው። እጁ ግን በአየር ላይ ቀረና እንደ ልጅ እጅ ወደ ኋላው ሰበሰበው። ዱሚሳኒ ከመሪው ሆኖ «ቲቸር፣ የሰውየው መልክ ልክ አይደለም» አለ። «አንተ መሪህን ያዝ» አልኩት። ሁለት ጊዜ ነገሩኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ የከለከልኩት እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ማንም ድርሻ የለውም።

ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። አርባ ደቂቃ ሦስት ጤነኛ ሰዎች፣ ዱሚሳኒ መሪውን ይዞ፣ ፔሩማልና እኔ እጃችንን በደረታችን ላይ አጣጥፈን፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመን አየነው። እኛ የምናየው ከዓሣ ጋር የሚታገል ሰው ነበር። ዓሣው እንዳይረክስበት ብለን ነበር የራቅነው። ሌላ ሰው፣ ዓሣ አጥምዶ የማያውቅ ሰው፣ መንገደኛ ቢሆን ሮጦ ይይዘው ነበር። እኛ ግን ሕግ የምናውቅ ሰዎች ነበርን።

መጨረሻ ላይ ዞረና አየኝ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። «ቲቸር፣ በዚህኛው ላይ እጅ አላረፈም አይደል?» አለኝ። «ማንም አልነካህም» አልኩት። ፈገግ አለ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነበር፤ ስላንቺ ተናገረ የሚሉሽን አትመኚ። ቢያስብሽ ኖሮ በልቡ ነው፤ እሱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ከዚያ በጉልበቱ ወደቀ። ማሰሪያው ከዘንጉ ጋር ስላያያዘው ዓሣው ወደ ጀልባው ጠርዝ ይጎትተው ጀመር። ዱሚሳኒ መሪውን ጥሎ የማጥመጃ ዓሣ የምንቆርጥበትን ቢላ አነሣ፤ ክሩን ቆረጠ፤ በሁለት እጁም አቀፈው። ፔሩማል ይጮህ ነበር። እኔ ምን አደርግ እንደነበር ልንገርሽ። እኔ የተቆረጠውን ክር አይ ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ከሱ በፊት፣ ክሩን አየሁ። ይህን ለካህኑ አልነገርኩም። ላንቺ እነግርሻለሁ።

ወደ ዳር ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን። ፔሩማል ልቡን ለመመለስ የሎጋናታንን ደረት ደጋግሞ ይጫን ነበር፤ ዱሚሳኒ በሬድዮ ሐኪም ጠራ። እኔ ጀልባው ወለል ላይ ተቀምጬ ራሱን በጉልበቴ ላይ ያዝኩት። ስለዚያ ሃምሳ ደቂቃ የምጽፈው ይህን ብቻ ነው።

ሐኪሙ «ወዲያው ቢመለሱም ምናልባት ላይተርፉ ይችሉ ነበር» አለን። ምናልባት የሚለውን ቃል በፈተና መልስ ላይ እንዳይጽፉ ተማሪዎቼን እከለክል ነበር። ከፔሩማል እጅ እስከ ዱሚሳኒ ቢላ አርባ ደቂቃ ነው። እስከ ዳር ሃምሳ ደቂቃ ነው። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ምን እንደሚወጣ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ባስተምርም አላውቀውም፤ አንቺ ግን ሁለቱንም ቁጥሮች ማወቅ አለብሽ።

ለምን እንዳደረግሁት ለራሴ ስነግረው የሰነበትኩት ሕግ ሕግ ነው እያልኩ ነበር። ይህም ሐሰት ነው። ፔሩማል እጁን ሲዘረጋ በዓይኔ የመጣው ደንቡ አልነበረም፤ ያ ሳይመዘን የቀረ ዓሣ ነበር፤ ሲከፋፍለው የነበረው ፊቱ ነበር። አንድ ነገር ወስጄበታለሁና ልመልስለት ፈለግሁ። ለእሱ ልሰጠው የምችለው ሌላ ነገር በእጄ አልነበረም፤ ኖሮም አያውቅም።

እውነቱን ከጀመርኩ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በተጫጫችሁበት ዓመት በእኔ እጅ የላከልሽን ሰባት ደብዳቤዎች ያረምኩለት እኔ ነኝ። ጽሑፍ እንደማይሆንለት ታውቂያለሽ። ፊደሉን ብቻ ነው ያረምኩት ብዬው ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ግን ከፊደል በላይ አርሜያለሁ። አስቀምጠሻቸው ከሆነ አትቅደጂያቸው። በውስጣቸው ያለው አንድም ቃል ሐሰት አይደለም።

ፔሩማልን አትቆጪው። ዱሚሳኒንም ብታመሰግኚው ደስ ይለኛል፤ ምስጋናው የእሱ ሆኖ ሳለ በእኔ እጅ ነው የሰነበተው። ልጅሽ በሰላም ይግባልሽ። አባቱን ሳያይ ስለቀረ ራሱን እንዳይወቅስ ንገሪው፤ ወቀሳው ቦታ አለው። አምላካችን ሙሩጋን ሐዘንሽን ያቅልልሽ፣ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ከልጆችሽ ፊት አያጉድልሽ። በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ልትጠይኝ ብትፈልጊ መብትሽ ነው። ጥይኝ እንጂ ምግብ አትተይ።

ነገ መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ራሴ ይዤ መጥቼ በርሽ ሥር አስገባዋለሁ፤ ደወሉን አልነካም፤ እንዳትወጪ። ከዚያ ፔሩማል ሱቁን ሳይከፍት እደርስበትና በሚስቱ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ወሬውንም እንዲያቆም አዘዋለሁ። አራት ሰዓት ላይ ክበቡ ሲከፈት የደንቡን መዝገብ አስወጥቼ ያን መስመር በራሴ ብዕር እሰርዘዋለሁ፤ ቀኑንና ስሜን ከጎኑ እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ዱሚሳኒና እኔ ጀልባዋን በንጹሕ ውሃ እናጥባለን፣ ነዳጅ እንሞላለን፣ ለአመዱ የሚሆነውንም ቦታ ከፊት በኩል በነጭ ጨርቅ እናዘጋጃለን። እሑድ ንጋት ጀልባዋ ባሕሩ ዳር ትቆማለች። ማን እንደሚሳፈርባት አንቺ ነሽ የምትወስኚው፤ የሞተሩን ቁልፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፖስታው ውስጥ አድርጌልሻለሁ።

በአንድ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ አብራሽ ያደገችው እህትሽ